ጤነኛ ሆነሽ የምትሄጂበት ቀን

አክስቴ ደም ባየችበት ቀን ደስ ብሏት ነበር። የወር አበባዋ ከተቋረጠ አራት ዓመት አልፎት ስለነበር፣ ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ ነገረቻቸው። ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሰባት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ነበረች። ከልጆቿ አንዱን ትኩሳት ከነካው ሌሊትም ቢሆን አዝላው ጤና ጣቢያ ትገሰግሳለች፤ የባሏን የደም ግፊት ቀጠሮ ከእሱ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች፤ አማቷን ለዓይን ሕክምና ከተማ ድረስ ይዛ ተመላልሳለች። በራሷ ስም ግን ካርድ አውጥታ አታውቅም።

ከሁለት ወር በኋላ ደሙ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው አልሳቀችም። ቀጥሎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መጣ፤ እሱን ለማንም አልተናገረችም። እኛ ነገሩን ያወቅነው በሌላ በኩል ነው። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከምትቆምበት ቦታ አጣናት። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና፣ ለካ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፋ ኖሯል የምታስቀድሰው። እንዲህ ስታደርግ ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ያየ ሰው ሁሉ «አንድ ምክንያት ይኖራታል» ብሎ አልፏታል። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሰው ጠጋ ብሎ «ምን ሆነሽ ነው?» አላላትም። እኔም አላልኳትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልናገረው። አንድ የግል ክሊኒክ ሦስት ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጣት። ሦስቱንም ጊዜ አልጋ ላይ አስተኝቶ ያያት ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሲያያት በሽታው ወደ ሽንት ፊኛዋ አልፎ ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተባለ። በዓመቱ፣ በፍልሰታ ጾም አረፈች።

ያን ጊዜ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። ተመርቄ ሥራ ከያዝኩና በእጄ ያለፉትን ሴቶች ቁጥር መያዝ ካቃተኝ በኋላ እንኳ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ይህ ካንሰር ቸኩሎ የሚመጣ አይደለም። የማህፀን በር ሕዋስ መለወጥ ከጀመረበት ጊዜ ካንሰር እስኪሆን ድረስ፣ የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። አክስቴ ያን ሁሉ ዓመት ስትወጣ ስትወርድ፣ ስትወልድ፣ ስታስከትብ፣ የሰው ሕመምተኛ ስታስታምም ኖራለች። ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ ጠዋት አንዲት ነርስ አይታት ቢሆን ኖሮ ካንሰር የሚባለው ነገር ላይ ሳይደረስ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ያ ጠዋት ግን ምንም የማያማት ጠዋት ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ጠዋት ነው።

«የማህፀን በር» ሲባል ብዙ ሴቶች ከውጭ ያለውን የሰውነት ክፍል ይመስላቸዋል። አይደለም። የወለደች ሴት ሁሉ ግን ስሙን ባታውቀውም ታውቀዋለች። ምጥ ላይ ሳለች አዋላጇ ጓንት አጥልቃ ዳስሳ «አራት ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፣ ገና ነው፣ በርቺ» የምትላት ስለዚሁ ነው። ማህፀን ወደ ውጭ የሚከፈትበት ጠባብ አንገት ነው። ከምጥ ውጭ የወር አበባ የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ትኖረዋለች። በዚህ አንገት ጫፍ ላይ ሁለት ዓይነት ሽፋን ይገናኛል፤ የውጭኛው ወፍራም ነው፣ የውስጠኛው ስስ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ሕዋሳት ያለማቋረጥ እየተለዋወጡ ይኖራሉ። ካንሰሩም የሚጀምረው እዚያው ነው።

የሚያስጀምረው ደግሞ ቫይረስ ነው። ኤች ፒ ቪ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት ያለው ሲሆን አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ በእጅ ላይ ኪንታሮት ከማውጣት አያልፍም። ካንሰር የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ይህን ያወቅነው ብዙም ሳይርቅ ነው። ሳይንቲስቶች ጥፋተኛው ሌላ ቫይረስ፣ ሄርፒስ፣ ነው ብለው ያምኑ በነበረበት ጊዜ ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውዘን «አይደለም» ብሎ በሐሳቡ ጸና። በ1983 እ.ኤ.አ. ቁጥር 16ን፣ በዓመቱ ቁጥር 18ን ከካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ አገኛቸው። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ትዳር ያናጋ ጉዳይ ስላለ ረጋ ብዬ ልናገረው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ይህን የሰማች ሴት መጀመሪያ የሚመጣባት ባሏ ነው፤ የሰማ ባልም መጀመሪያ የሚመጣበት ሚስቱ ናት። ግን ቫይረሱ ግንኙነት ከጀመረ ሰው አብዛኛውን በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ሳይነካው አያልፍም። አንድ ባልና አንዲት ሚስት ብቻ ያወቁ ሰዎችም ይይዛቸዋል። ከአሥር ዘጠኙን የሰውነት መከላከያ ራሱ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ያጠፋዋል፤ ሰውየውም መያዙን ሳያውቅ ይቀራል። የሚያስፈራው ሳይጠፋ ለዓመታት የሚቆየው ነው። መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ ማንም ሐኪም ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ምርመራው የማንም ታማኝነት መለኪያ አይደለም። ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ከሁሉ አብዝቼ የተናገርኩት ነው፤ አሁንም እደግመዋለሁ።

ቫይረሱ ሥር እንዲሰድ የሚያግዙት ነገሮች አሉ። በልጅነት መዳር አንዱ ነው፤ ያልጠና ማህፀን በር ለቫይረሱ የተመቸ ነው። ብዙ መውለድ ይጨምረዋል፤ ሲጋራም እንዲሁ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ነው፤ ያ 15 እና 20 ዓመት ያልነው ጊዜም ለእሷ ወደ 5 እና 10 ሊያጥር ይችላል። ለዚህም ነው በአገራችን ምርመራው መጀመሪያ የኤች አይ ቪ ክትትል በነበራቸው እናቶች ዘንድ የተስፋፋው።

ጤነኛ ሴት መመርመር ከየት መጣ? በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ የማይነሳ አንዲት ሴት አለች። ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተባለው ግሪካዊ ሐኪም ከባለቤቱ ከአንድሮማኪ ጋር ተሰዶ ኒውዮርክ ገባ። የማህፀን በር ሕዋስን በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት የጀመረ ሰው ነው። ነገር ግን የታመመውን ለመለየት ጤነኛው ምን እንደሚመስል፣ ከቀን ወደ ቀንም እንዴት እንደሚለዋወጥ ማወቅ ነበረበት። ያንን ያገኘው ከሚስቱ ነው። አንድሮማኪ ለ20 ዓመት ያህል ናሙና ትሰጠው ነበር፤ ምንም ሳያማት። ዛሬ በዓለም ላይ «ፓፕ» በሚል በእሱ ስም የሚጠራው ምርመራ የቆመው በዚያች ጤነኛ ሴት ላይ ነው። መጽሐፉ በ1943 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ምርመራው ተስፋፍቶ በሀብታም አገሮች የዚህን ካንሰር ሞት እጅግ ቀነሰው።

ለእኛ ግን አልሆነልንም። ፓፕ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴትየዋ ውጤቱን ለመስማት ሁለተኛ ጊዜ እንድትመለስ ይፈልጋል። ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ የሄደች እናት «ከሦስት ሳምንት በኋላ ነይ» ስትባል አትመለስም። መፍትሔው የመጣው ከወጥ ቤት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

የምርመራ ክፍላችን ከእናቶችና ሕፃናት ክፍል ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። መጋረጃ፣ እግር ማስደገፊያ ያለው አልጋ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ የብረት ትሪ። ትሪው ላይ ስፔኩለም፣ ጥጥ፣ በትንሽ ብርጭቆ ደግሞ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ። ክዳኑ ሲነሳ ግን ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፤ ገና አልጋ ላይ ሳይወጡ ብዙዎቹ «ሲስተር፣ ይሄ አቼቶ አይደል?» ይሉኛል። ከሰላጣ ጋር ለሚቀርበው አቼቶ ዘመዱ ነው። አሴቲክ አሲድ ይባላል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ሆኖ በውኃ ይቀጥናል።

ሥራው እንዲህ ነው። ስፔኩለሙ በቀስታ ገብቶ ይከፈትና የማህፀን በሩ ይታያል። ጤነኛው ሮዝ ነው፤ እርጥብ፣ ለስላሳ። አቼቶ የተነከረ ጥጥ ይደረግበትና አንድ ደቂቃ ይቆያል። እኔ ያን ደቂቃ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የምትሰማው ሴት ብዙ ጊዜ አብራኝ ትቆጥራለች። ጥጡ ሲነሳ ጤነኛው ቦታ እንደነበረው ሮዝ ሆኖ ይቀራል። መለወጥ የጀመሩ ሕዋሳት ካሉ ግን፣ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲነጣ እንደሚታየው፣ ጠርዙ የለየ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። በዓይን ይታያል። ማይክሮስኮፕ የለም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ናሙና የለም፤ ውጤቱ እዚያው ነው። የጤና ባለሙያዎች በአጭሩ «ቪያ» ይሉታል።

ይህ ድሃ አገሮች ሌላ ስላጡ የሚያደርጉት ነገር ነው ብለው የሚያናንቁት አሉ። እነሱን የሚመልስ ሥራ በሕንድ ሙምባይ ተሠርቷል። በዚያ የድሃ ሰፈሮች ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ ትምህርት ያላቸው ሴቶች አራት ሳምንት ሠልጥነው፣ በየሁለት ዓመቱ ጎረቤቶቻቸውን በአቼቶ ሲመረምሩ ቆዩ። ጥናቱ ያካተታቸው ሴቶች 150 ሺህ ያህል ነበሩ፤ የፈጀውም 12 ዓመት ነው። በመጨረሻ በተመረመሩት ዘንድ በማህፀን በር ካንሰር የሚሞተው ሰው በ31 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ምርመራው ፍጹም አይደለም፤ በመርማሪዋ ዓይን ላይ ይወሰናል። አሁን በአንዳንድ ሆስፒታሎች የመጣው የቫይረሱ ምርመራ፣ ማለትም ኤች ፒ ቪ ዲ ኤን ኤ፣ ከእሱ የላቀ ነው፤ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ በመጋረጃ ጀርባ መውሰድ ትችላለች። እስኪዳረስ ግን አቼቶው አለ።

አንድ ጠዋት የዘጠኝ ወር ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ያመጣች እናት ነበረች። ዕድሜዋን ስጠይቃት «ሠላሳ ስምንት» አለችኝ። ልጁ እስኪከተብ ጎን ካለችው ክፍል ገብታ እንድትመረመር ለመንኳት። «ደህና ነኝ እኮ» አለች። «ደህና ስለሆንሽ ነው» አልኳት። ገባች። ጥጡን ሳነሳ በስተቀኝ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የማያህል ነጭ ነገር ታየ። ነገርኳት፤ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ዝም ቢባል ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ አሁኑኑ ልናክመው እንደምንችል አስረዳኋት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማጥባት ያስቆመኛል?» የሚል ነበር። አያስቆምም አልኳት። ሁለተኛው «ለባለቤቴ ምን ልበለው?» ነው፤ ምክንያቱም ከሕክምናው በኋላ አንድ ወር ያህል ከግንኙነት መቆጠብ አለባት። ስለ ራሷ የጠየቀችው በሦስተኛ ነው። «ያመኛል?»

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። የቆየው «ክራዮ» የሚሉት ነው፤ በጋዝ የቀዘቀዘ የብረት ጫፍ ቦታው ላይ ይደረግና ሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል፣ አምስት ደቂቃ ይተዋል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። አዲሱ በተቃራኒው በሙቀት የሚሠራ ነው፤ በባትሪ የሚሞቅ ቀጭን ዘንግ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ቦታውን ይነካዋል። ሁለቱም ማደንዘዣ የግድ አይሉም፤ የወር አበባ ቁርጠት የሚመስል ሕመም አለው፣ ከዚያ ለጥቂት ሳምንት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል። ከዓመት በኋላ ተመልሳ ትታያለች። ያቺ እናት ባለቤቷን በስልክ አነጋገርኩላት፤ ነገሩን ሲረዳ «እንዳደረጋችሁት ይሁን» አለ። ልጁ ተከትቦ እያለቀሰ ሲመጣ እሷ ከአልጋው ወርዳ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር።

ታዲያ ስንቱ ሴት ይመረመራል? በ2007 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ውስጥ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ተመርምራ የምታውቀው ከመቶ ሦስት አትሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ወደ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ወርዷል፤ መንገዱ ግን ገና ረጅም ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ ከ5 ሺህ በላይ ሞተዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ወደ እኛ የሚመጡት ምን ያህል ዘግይተው እንደሆነ ይገባዋል።

«ሴቶቻችን ግንዛቤ የላቸውም» የሚለውን አባባል ግን እኔ አልቀበለውም፤ ቢያንስ ብቻውን አልቀበለውም። የአገራችን ሴት ጤነኛ ሆኖ ጤና ጣቢያ መሄድን ከወንዱ ይልቅ ታውቃለች። ነፍሰ ጡር ሆና ለክትትል ትሄዳለች፤ ጤነኛ ልጅ አዝላ ለክትባት ትሄዳለች። ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ ኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የጉበት ቫይረስ፣ እርግዝና ትመረመራለች። የመጀመሪያዎቹ ለልጇ ናቸው፤ የመጨረሻው ለአሠሪዋ ነው። ደሟ ተወስዶ፣ ደረቷ ተነስቶ፣ ማህተም ተመቶላት የምትበረዋ ወጣት ከዓመታት በኋላ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ትመለሳለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ስለ ማህፀን በሯ አላነሳላትም። ሴትን ለሌላ ሰው ሲባል መመርመር ለምደናል። የጎደለን ለራሷ ብሎ መመርመር ነው።

ደግሞም ቀኑን ማን ይሰጣታል? አዲስ አበባ ውስጥ ያለች የቤት ሠራተኛ የምታርፈው እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ የምርመራ ክፍሉ ዝግ ነው። ገጠር ያለችዋ የገበያ ቀን ከከተማ ትደርሳለች፤ ደርሳም ጋዝ አልቋል፣ ወይም የሠለጠነችው ነርስ ሥልጠና ላይ ናት ብለን የመለስናት ጊዜ አለ። ያቺ ሴት ተመልሳ አትመጣም፤ አልፈርድባትም። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ የሚያነቡ አሠሪዎች ካሉ፣ ለሠራተኛችሁ በዓመት አንድ ግማሽ የሥራ ቀን ስጧት፤ ደመወዟ ሳይቆረጥ። ባሎችም ብትሆኑ «ሂጂ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ያን ጠዋት ልጆቹን ያዙላት።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ብቻዋን የመጣች ሴት ከደጃፍ የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ቡና የሚጣጡ አምስት ጎረቤታሞች አብረው ከመጡ ግን አንዳቸውም አይመለሱም። መጀመሪያ የገባችው ስትወጣ ሌሎቹ ፊቷን ያያሉ፤ «ምንም አይደል፣ አቼቶ ነው» ካለች አለቀ። የሴቶች ዕድር ለቀብር አዋጥቶ ድንኳን ይገዛል፤ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ የሚገዛው ድንኳን ይቀንስለታል።

ለልጆቻችን ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ ተከፍቷል። ክትባት አለ። ከአፍሪካ አገሮች ርዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ለመላ አገሯ ቀድማ ጀመረችው። እኛ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መስጠት ጀመርን፤ ከዚያ በታች ያልወረድነው በዓለም ላይ ክትባቱ ስላጠረ ነው። ያን ጊዜ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር። በኋላ ግን በጎረቤታችን በኬንያ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ መከተብ ብቻውን ዋና ዋናዎቹን ሁለት ቫይረሶች 97 ተኩል በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አንዱ ይበቃል አለ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በአገራችን በተካሄደው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ተከተቡ።

«መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ እኛም ሰፈር ደርሶ ነበር። አያደርግም። ክትባቱ ውስጥ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ የለም፤ ያለው ቅርፊቱን የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡት ልጆች አድገው ሴት ሲሆኑ ተከታትለው አዩአቸው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ከእነሱ መካከል በማህፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም አልተገኘችም። መካን የሚያደርገውስ ካንሰሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው ሳይሆን ትምህርት ቤት የማትሄደዋ ልጅ ናት፤ ቀድማ የምትዳረው እሷ ናትና። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሄደው የሚያገኟት እሷን ነው፤ ልፋታቸው ሊመሰገን ይገባል።

ስለ ጡት ካንሰር በዚህ ምዕራፍ ብዙ አልልም፤ በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ቀዳሚው እሱ በመሆኑ ለብቻው ምዕራፍ ሰጥቼዋለሁ። እዚህ ለማለት የምፈልገው አንድ ብቻ ነው፦ ጡትሽ ውስጥ የማታውቂው እብጠት ከዳሰስሽ፣ ባያምሽም ሂጂ። የማያመው እብጠት ነው የሚያስፈራው።

ሳይታይ ያለፈው በሽታ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያውቁ ያውቁታል። ካንሰሩ ሥር ከሰደደ ቀዶ ሕክምናው አይሆንም፤ የሚቀረው ጨረርና ኬሞ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጀምረዋል፤ ወረፋው ግን ዛሬም አለ። ከክልል ሪፈር ተጽፎላት የመጣች እናት ወረፋዋ እስኪደርስ የት ታድራለች? እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ማደሪያና ምግብ እየሰጡ ብዙዎችን ታድገዋል። አቼቶው በጊዜ ቢደርስ ግን ያቺ እናት ጉዞውንም ወረፋውንም አታየውም ነበር።

እንግዲህ እህቴ፣ ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ አሞኝ አያውቅም ብለሽ አትቅሪ። የመጀመሪያው ደህና ከሆነ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ነርሷ ትነግርሻለች። ኤች አይ ቪ በደምሽ ካለ ቀደም ብለሽ ጀምሪ፣ ቶሎ ቶሎም ታዪ፤ መድኃኒትሽን በምትወስጂበት ቦታ ጠይቂ። ከ50 በላይ ከሆንሽ ሁለቱ የማህፀን በር ሽፋኖች የሚገናኙበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ አቼቶው ላያሳይ ይችላል፤ ሐኪምሽ ሌላ ምርመራ ይመርጥልሻል። ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ በሁለት የወር አበባ መካከል ካየሽ፣ ከተቋረጠ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ግን ይህ የቅድመ ምርመራ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሂጂ፣ አልጋ ላይ አስተኝተው ሳያዩሽም በመድኃኒት ብቻ አትሸኚ። «ሳታዩኝ አልሄድም» ማለት ነውር የለውም።

የወር አበባሽ ባልመጣበት ቀን ሂጂ። ካርድ ክፍል ስትደርሺ «ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው የመጣሁት» በያቸው። ምርመራው ራሱ አልጋ ላይ ወጥተሽ እስክትወርጂ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ካርዱን ግን በልጅሽ ስም አይደለም፣ በራስሽ ስም አውጪ።